በቀኝ የታጠፈው የሰርግ ካርድ

ሳዳም ወንድሜ፣

ጀሚላ ከዙህር ሶላት በኋላ የሰርግ ካርዶችህን ወስዳ ልታድል ስትመጣ እንዳትሰጣት። ገጹን ስታቀናብር መታጠፊያውን በቀኝ አድርገኸዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማተሚያ ቤት ዓረብኛ ብቻ ስለምሠራ ያስተማርኩህ እንደዚያ ነበር። የአማርኛው በግራ ነው የሚታጠፈው። አሁን ካርዱን እንደ አማርኛ የሚይዝ ሰው ከሙሽሮቹ ስም በፊት የሚያገኘው የመጨረሻውን ገጽ፣ የሚዜዎቹን ዝርዝር ነው።

እኔም ያገኘሁት እንደዚያው ነው።

ስሜን ከዝርዝሩ ሳጣው፣ መቁረጫው ከኅዳጉ ጋር የበላው መስሎኝ በማስመሪያ ለካሁት። ኅዳጉ ሙሉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። በደንብ ሠርተኸዋል፣ ማሻአላህ።

ፋይሉን ይዤ ባዲዓ ማተሚያ ቤት ሄጃለሁ፤ መታጠፊያውን አስተካክዬ እንደገና አሳትመዋለሁ። የሚዜዎቹን ገጽ አልነካሁትም። የምትጨምረው ካለ ማሽኑ ሳይጀምር ደውል።

አወል