ያጠረው ዘንግ

የካቲት 9፣ ጠዋት
ዛሬም ተንዘፈዘፈች። ወጠጤ የምታክል ሄሊኮፕተር እንደ ወባ በሽተኛ! ሁለቱ ክንፎቿ ባንድ ዘንግ ላይ፣ ላይና ታች ሆነው በተቃራኒ ይሾራሉ። ጭራዋ ላይ ያለው ገፊ ወደፊት ይወረውራታል። እኔ የምፈልገው ፍጥነት ነው። ዘንጉ ሲያጥር ነፋስ ብዙ አይይዛትም፤ ረጅሙን በአጭር ለወጥኩት። ረዳቴ ደሴ ክንፎቹ እርስ በርስ ይማታሉ ይላል። ክንፎቹን የጠረበው እሱ፣ ከመሬት ሆኖ በሪሞት የሚያበርራት እሱ፣ የሚፈራውም እሱ! ተማሪዎቼ ፊት ፈሪ አልኩት። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ፤ ምን ልደብቅህ።

የካቲት 11፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት
ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የአያ ሙላት አውድማ። ሌላው መሬት ሁሉ ገደል። እህሉ ገብቷል፣ እብቁ ግን እንዳለ ነው። ሽማግሌው ጫማችሁን አውልቁ አሉ፤ አውድማ በጫማ አይረገጥም። ደሴ አወለቀ። እኔ? እቴ! የኮሌጅ መምህር ነኝ። ደሴ ደግሞ መጀመሪያ እንጥረገው አለ። ከሰዓት ነፋሱ ይበረታል፣ አስነሳት አልኩት።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት
ተነሳች። ሮጠች! እንዲህ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ስትመለስ ግን እብቁን አስነሳችው። ደሴ ዓይኑን ሲያሽ እጁ ሳተ፣ ክንፎቹ ተማቱ። ስንጣሪው ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እኔ የሮጥኩት ወደ ሄሊኮፕተሯ ነው። ዓይኑን በጋቢያቸው ያሰሩለት አያ ሙላት ናቸው።

የካቲት 14
ዓይኑ አልተረፈም። እናቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። እንጥረገው ብሎህ አልነበረም ወይ አሉኝ። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አላለኝም ብዬ ማልኩ። ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። ሁለቱንም ዓይኖቼን እያፈራረቁ አዩኝ፣ ከዚያ ወጡ።

የካቲት 19
ሐሙስ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ካልበረረች ሥራው ይነጠቅብኛል። ሌላ የሚያበርር የለም። ደሴ ቤት ሄድኩ። አፍሬ አይደለም፤ ቸግሮኝ ነው። በአንድ ዓይኑ አዲስ ክንፍ ጠርቦ ጨርሷል! አበርራለሁ አለኝ፤ ግን ራቅ ብሎ። ያን ቀን እሱ የቆመበት ላይ እኔ እንድቆም። ዘንጉን ላስረዝም ካልኩ ደግሞ፣ ገምጋሚዎቹ ፊት ደሴ ልክ ነበር እንድል። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፣ የተረገመ።

የካቲት 20
ረጅሙ ዘንግ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አወጣሁት። መለስኩት። ደሴ ልክ ነበር? ይቺ ከእኔ አፍ? ሞቼ ነዋ!
ነገ ሐሙስ ነው፤ ማልጄ አውድማውን እጠርጋለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ። ከዚያ ደሴ የቆመበት ላይ እቆማለሁ። ዘንጉን አልነካውም።