የቤት ስም

ሞጣ፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አንዷለም፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴ ሰማውም ሰላም ብሎሃል።

ባለፈው ሳምንት ስትደውል «እታለም፣ አስቢበትና ንገሪኝ» ብለኸኝ ነበር። አሰብኩበት። በስልክ ብጀምረው መሐል ላይ ማልቀሴ አይቀርም፤ አንተም «በቃ ተዪው» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ትወስደኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። አዝዬ ያሳደግኩህ ታናሼ ነህና እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ሥራህ ገብቶኛል። አራተኛ ክፍል ሳይንስ የማስተምር ሴት ባክቴሪያ ምን እንደሆነ አላጣውም። እዚያ ሆላንድ፣ ላብራቶሪያችሁ ውስጥ፣ እርጎ ከሚያረጉት ደጋግ ባክቴሪያዎች አንዷን ወስዳችሁ ዘረ መሏ ላይ አንድ ነገር ጨመራችሁባት፤ ሕፃን አንጀት ውስጥ ስትገባ የተቅማጡን ቫይረስ አንቃ እንድትይዝ። አይጥ ላይ ሠርታለች። ለሰው ለመድረስ ግን ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል አልከኝ። ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ልስቅብህ ከጅሎኝ ነበር፤ ደስታህን ከድምፅህ ስሰማ ተውኩት። ከዚያ አስከትለህ «እስካሁን በቁጥር ነው የምንጠራት። ውበቴ ብለን ብንሰይማትስ?» አልከኝ።

አንዷለም፣ ልጄ እኮ ሌላ ስም የላትም።

የረሳኸው አይመስለኝም፤ ግን እዚህ ሆነህ አላየኸውም። ኅዳር 2004 ውበቴን ተቅማጥና ትውከት ሲያጣድፋት፣ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ልትነሳ ሳምንት ሲቀራት ነው። ነፍስ አባታችን «ሰማንያ አይጠበቅም፤ ነገ በማለዳ አምጧትና ላጥምቃት» ብለውን ነበር። እኔ ግን ደወልኩልህ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበርክ፤ የቤታችን የተማረ ሰው አንተ ነህ። «በዚህ ውርጭ ተቅማጥ የያዛትን ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ልትነክሪያት ነው? ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ኦ.አር.ኤስ በማንኪያ እየደጋገምሽ ስጫት፣ ስትድን ትጠመቃለች» አልከኝ። ያልከው ልክ ነበር። ዛሬም ለተማሪዎቼ እናቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ወሰድናት፤ ሐኪሞቹም የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ያጠጣኋትን እያስመለሰች በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ እጄ ላይ አለፈች።

ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ያገራችን ሰው። ሳትጠመቅ ስላለፈች ፍትሐት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቀበርም የለም። ሰማው በጋቢው ጠቅልሎ ወሰዳትና ከአጥሩ ውጭ አንዲት ብሳና ሥር ቀበራት። ለሕፃን ለቅሶ አይቀመጡም። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» እያሉኝ ከደጅ ተመለሱ። ገብታ አጠገቤ የተቀመጠችው ባለሱቋ ጎረቤቴ ዑሙሰልማ ብቻ ናት። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለች ሕፃን ጀነት በር ላይ ሆና እናት አባቷን ትጠብቃለች ነው የሚባለው» አለችኝ። እኔ ክርስቲያኗ በሷ ቃል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በኋላ ነፍስ አባታችንን «አባ፣ ብንነክራት ብርዱ ይገድላት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማን ይነክራታል ልጄ? ለታመመ ሕፃን እፍኝ ውኃ ይበቃ ነበር» አሉኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

እማዬ ቢቸና ሆና ዛሬም ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ የሁላችንንም የክርስትና ስም ትጠራለች። ለመስቀል ሄጄ እሷ ዘንድ ባደርኩ ጊዜ ሰማኋት። አንተን ኃይለ ጊዮርጊስ ብላ፣ እኔን ወለተ ኪዳን፣ ሰማውን ሣህለ ማርያም ብላ፣ ልጄ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። «ውበቴ በያት እንጂ እማዬ» አልኳት። «እሱ የቤት ስም ነው ልጄ። እዚያ ማን ያውቀዋል?» አለችኝ።

እንግዲህ የቤት ስም ከሆነ ቤት ይቀመጥልኝ። ሌላ ምንም አልቀረኝም። ነገ ደግሞ ሥራው ሲበላሽባችሁ «ውበቴ አልሠራችም፣ ውበቴን ጣልናት» መባባላችሁ አይቀርም። እኔ ይህን መስማት አልችልም። ቁጥሯ ይበቃታል።

ለምን ሥራው ላይ እንደ ሙጫ እንደተጣበቅህ አውቃለሁ። እሷ ካለፈች ከሁለት ዓመት በኋላ የዚሁ በሽታ ክትባት፣ ጠብታው፣ ጤና ጣቢያችን ሲገባ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ አለቀስኩ። አንተ ግን «ጠብታው የሚጀመረው በስድስት ሳምንት ነው፤ የማይበቃቸው ልጆችም አሉ፤ ከተወለዱ ጀምሮ የሚጠብቃቸው ነገር ያስፈልጋል» ብለህ ሆላንድ ሄድክ። ስለዚያች የኅዳር የስልክ ንግግር ግን አንድም ቀን አንስተህ አታውቅም። እኔም አላነሳሁብህም፤ ግን ተቀይሜሃለሁ። ዛሬም አልወጣልኝም። ስምህን ሰው በክፉ ሲያነሳው ደግሞ አልወድም። ሁለቱም አብረው አሉ፣ ምን ላድርጋቸው?

ሌላም ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ነኝ። ከውበቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክረምት ሲገባ እወልዳለሁ። ያንተ ባክቴሪያ ለዚህኛው አይደርስም፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ጠብታውን አስከትበዋለሁ። ከዚያ በፊት ከታመመም ኦ.አር.ኤሱን እያጠጣሁ ጤና ጣቢያ እሮጣለሁ፤ ቄሱም በዚያው ሰዓት ይጠራሉ። ለአንተ ግን ደውዬ አልጠይቅህም።

ሥራህን እንዳታቆም። ለሌላ ሰው ልጅ ይድረስ። ለክርስትናው ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ካልደረስክ ግን አንጠብቅህም።

እህትህ አየሁሽ