የብርቅነሽ ጣቶችና የላክሁት ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 1970

ሁለት ጣት። ሱፍ ማበጠሪያው ማሽን የብርቅነሽን ሁለት ጣት ወሰደ፤ የቀኝ እጇን። የማሽኑን ጥርስ የሚሸፍነው መከለያ ቢኖር አይነካትም ነበር። ከተነሣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ለግንባር የሚላከው ብርድ ልብስ እንዲፈጥን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታፈሰ ነው ያስነሣው፤ ሱፍ በተወተፈ ቁጥር መከለያ መፍታትና መግጠም ጊዜ ይበላል ብሎ። ጣት መፈለግም ጊዜ ይበላል፤ ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆመ።

የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ የሚያደርገውን አደረግሁ። አዋጁ ግልጽ ነው፦ አሠሪ የተጎዳ ሠራተኛውን ያሳክማል፣ አደጋውን ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ታይፕ መታሁ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የማሽኑ መከለያ በመነሣቱ» አልኩ። ፈረምኩ፣ ማኅተም አሳረፍኩ፣ ሾፌሩ አደረሰው። ከነፋስ ስልክ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ሕግ ማክበር ለካ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ዛሬ ምሳ አልበላሁም። ጓድ ታፈሰ ጠራኝ።

«ሴትዮዋ እጇን ሆን ብላ ነው ያስገባችው። የወታደር ብርድ ልብስ ለማስቆም። አሻጥር ብለህ ሪፖርት ጻፍ።»

«ሦስት ልጅ ያላት ሴት ጣቷን...»

«ጠበቃዋ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም ጓድ።» ቶሎ መለስኩ። በጣም ቶሎ።

አሻጥረኛ የተባለ ሰው ዘንድሮ ወዴት እንደሚወሰድ ማንም አይጠይቅም። እሷ ግን ሆስፒታል ተኝታ «ከሥራ ያስወጡኝ ይሆን?» ትላለች አሉ።

የትናንቱን ደብዳቤ አልነገርኩትም። እሱን የሚያስጠይቅ ወረቀት፣ ከነፊርማዬ። ምን ላድርግ? መታመም፦ ትኩሳት የለኝም። ደብዳቤውን ማስመለስ፦ ተቀብለውታል። አሻጥር ብሎ መጻፍ፦ እችላለሁ። የሚያስፈራኝ መቻሌ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ጓድ ታፈሰን «ታይፕራይተሩ ተበላሽቷል» አልኩት። ሪባኑን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። እንግዲህ በፋብሪካው ውስጥ ያለው አሻጥረኛ እኔ ብቻ ነኝ።

«በእጅህ ጻፈው። ነገ ጠዋት» አለ።

ለሚስቴ ለአልማዝ ነገርኳት። ብርድ ልብስ አጣጥፋ በር አጠገብ አኖረች። «ከወሰዱህ እንዳይበርድህ።» የፋብሪካችን ምርት ስለሆነ ብዙም አልተጽናናሁም። «ጻፍላቸውና ኑርልን» አለች። ቆየት ብላ «አትጻፍ» አለች። ሁለቱንም ያለችው ከልቧ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 10

ባዶ ወረቀት ይዤ ገባሁ። ጓድ ታፈሰ ቢሮ አንድ ጠና ያሉ ሰው ተቀምጠዋል፤ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ። ደብዳቤዬ ጭናቸው ላይ ነው።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«በማን ትእዛዝ?»

ጓድ ታፈሰ ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ። ስድስት መስመር ለማንበብ ዕድሜዬን ፈጀ። ከዚያ «በእኔ» አለ። «አደጋ ሲደርስ ወዲያው አስታውቁ ብያለሁ። ሕግ ነው።»

«ሁሉም አሠሪ እንዲህ በሆነ!» አሉ ሰውዬው። መከለያው ዛሬውኑ እንዲገጠም፣ ብርቅነሽ እስክትድን ደሞዟ እንዳይቋረጥ፣ ቦታዋም እንዲጠበቅ ጽፈው አስፈረሙት።

በምሳ ሰዓት ሆስፒታል ሮጬ ነገርኳት። በደኅናው እጇ ጨበጠችኝ። «እግዜር ይስጥህ ጋሼ። ጓድ ታፈሰንም አመስግንልኝ» አለች። እሺ አልኳት።

ስመለስ ጓድ ታፈሰ በሩን ዘጋ። ስለ አሻጥሩ ሪፖርት ቃል አልተነፈሰም። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና «ጎበዝ ጸሐፊ ነህ። ቤትህ ጎፋ ነው አይደል?» አለኝ።

አዎ አልኩ። የቤት ቁጥሬን አልጠየቀኝም። ማኅደሬ ውስጥ አለ፤ በገዛ እጄ የሞላሁት።