ቡላ የሚጨምቀው ክሪክ

መስከረም 21
ጠዋት በር፣ ከሰዓት መስኮት። ነገም በር። ወንድሜ ሙራድ ብየዳ ቤታችንን የሚመራው በአንድ ሕግ ነው፤ "የአዲስ አበባውን ሞዴል ስልክ ላይ አይተሽ ቅጂ።" ጎረቤታችን በያጁ ጠና ደግሞ ከእኛ ይቀዳል። ሆሳዕና ከተማ ሙሉ አንድ ዓይነት በር! ደንበኛ ለምን እኛን ይምረጥ? አይመርጥም... ሥራው እየቀነሰ ነው።

ዛሬ ትርፊት የምትባል ሴት ከጊምቢቹ መጣች። ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ከእንሰት ቡላ ታዘጋጃለች። "በእጅ ስንጨምቅ ክንዳችን አለቀ። የሚጨምቅ ነገር አትሠሩም?"
ሙራድ፦ "እኛ በር ሠሪዎች ነን፣ እህቴ።"
እኔ ግን በልቤ ብረት መቁረጥ ጀመርኩ...

መስከረም 26
የሙራድ የመኪና ክሪክ ጠፋ። "ሰሊማ፣ ጅብ ክሪክ ይበላል እንዴ?" አብሬው ፈለግሁ። አልጋ ሥር ሳይቀር! ክሪኩ ጓሮ ነው፤ ተደብቄ የበየድኩት ፍሬም ውስጥ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 7
ጉድ! ትርፊትን ጠርቼ ስንሞክር ሙራድ ለጁምዓ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ጓሮ ብቅ አለ። "ክሪኬ!" ከማለቱ ቡላውን የያዘው ባለ ቀዳዳ ላሜራ ተቀደደ። ቡላው ከአንገቱ እስከ እግሩ... ትርፊት በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልብሱን ቀይሮ ሄደ። አለቀልኝ አልኩ። ከመስጊድ ሲመለስ ግን ቀጥታ ጓሮ ገባ። የተቀደደውን ላሜራ አገላብጦ አየና፣ "ቀዳዳዎቹን አቀራርበሽ በስተሻል። ለዚያ ነው የሳሳው።"
አዲስ ላሜራና መሰርሰሪያ አቀበልኩት። በር ሠሪ መሆኑ ትዝ ሳይለው!

ጥቅምት 29
ስንት ላሜራ ቀድደን፣ ስንቴ ተኳርፈን... ዛሬ ያዘ! ትርፊት በአንድ እጇ ክሪኩን ትነቀንቃለች፣ በሌላው ስልክ ይዛ ፎንቆ ከተማ ላሉ ዘመዶቿ ታወራለች።

ኅዳር 15
ጠና ቀዳን! መጭመቂያችንን አስመስሎ ሠርቶ ደጁ ላይ አቁሞታል። እኛ በስህተት ያጣመምነውን እግር ሳይቀር አጣሞ! እኔ ሳቅኩ፤ ሙራድ ሊደባደብ ተነሳ።
"ተወው። ትርፊት ከባድ ነው እያለች ነው፤ የሚፈታታ እንሥራላት። ገና ያልሠራነውን ከየት ይቀዳል?" አልኩት።
ቆመ። መፍቻ አነሳ። ልይዘው ተነሳሁ... ወደ ጠና ሳይሆን ወደ ጓሮ ሄደ።

ታኅሣሥ 18
የሚፈታታው መጭመቂያ ቦኖሻ ከተማ ድረስ ተሸጧል። በር የሚያሠሩትም ተመልሰዋል፤ "ለእኔ ቤት የሚስማማ አስቡልኝ" ይላሉ።

ዛሬ ጠና የእሱን መጭመቂያ እየጎተተ መጣ። ላሜራው ተቀድዶ ደንበኞቹ መልሰውበታል። "ለምን እንደሚቀደድ አላውቅም" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ለዚህች ቀን ስንት ተረብ አዘጋጅቼ ነበር! ሙራድ ቀደመኝ።
"እኛም ቀድደን ቀድደን ነው ያወቅነው። ግባ፣ አንዱን አብረን እንቅደድ።"
ይህ የእኔ ወንድም ነው?
ጠና እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቱን አወለቀ። ተረቦቼን ዋጥኳቸው... ሁሉንም ባይሆን።