የአባባ ሞተር ማርሹ በቀኝ ነው

ይድረስ በአርባ ምንጭ ለሚገኘው ለወንድሜ ለየኋላሸት፤

የኋላሸቴ፣ እንደምን አለህልኝ? እንደምን ከረምህ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ሶሲናስ ወገቧ ተሻላት? ልጃችን ሀይማኖትስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ እኅትህ ለተማርያም፣ ከናፍቆትህ በቀር አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ያንገራግራል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን እንደ አሮጌ ሞተር ሞቅ ብሎት ይነሣል። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው የአንተን እግር ነው። ሀይማኖት በመስከረም በጻፈችልኝ ላይ፣ ሰው ሠራሹ እግር የሚያርፍበት ቦታ ቆስሎ ብዙ እንዳትሄድ ሐኪም እንደ ከለከለህ፣ የሰዓት መጠገኛ ሱቅህንም ዘግተህ ከቤት መስኮት ሥር እንደምትሠራ ነግራኛለች። ቁስሉ ደረቀልህ ወይ? ወደ ሐይቁ ዳር ብቅ ትላለህ ወይስ እንደ ተቀመጥህ ነህ? እባክህ አትደብቀኝ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። በስልክ አንተ ታስቀኛለህ፤ እኔም እየሳቅሁ ካርዱ ያልቅና የፈለግሁት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። እኔ ፊደልን በጓዳ ለብቻዬ የለቀምሁ ሰው ነኝ፤ አፌ ሲያያዝብኝ እጄ ይሻለኛል።

የግቢውን ወሬ ላስቀድምልህ። ባለቤቴ አሰፋ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያረፈ ጊዜ ጋራዡን እዘጋዋለሁ ብዬህ ነበር። አልተዘጋም። አብሮት ይሠራ የነበረው ዐብዲኑር፣ እንደ አክስቱ አድርጎ «ኤዶ» የሚለኝ፣ የሐዘኑ ሰሞን እንዳለፈ በሩን አንኳኩቶ «ኤዶ፣ መፍቻዎቹን ዝገት ሊበላቸው ነው» አለኝ። መፍቻዎቹን በነጭ ጋዝ ላጥባቸው ብዬ ገባሁ፤ እንደ ገባሁ ቀረሁ። አሁን እርሱ ይፈታል፣ ይገጥማል፤ እኔ አጥባለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ ካርቡራተር እከፍታለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። አሮጌ መኪናና አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ወደ ግቢያችን ይጎትታል። ባለፈው ክረምት አንድ የከብት ነጋዴ ከቀብሪበያ ላንድሮቨር አመጣልን። ከሐርጌሳ በኩል የገባ ስለ ነበር መሪው በቀኝ ነው። እኛ ወደ ግራ ስናዞርለት ሰውየው ከአጥሩ ሥር ሻሂውን ይዞ ተቀምጦ፣ «ዕድሜ ልኬን በቀኝ ተቀምጬ ነው የነዳሁት፤ አሁን ግመሎቼን በየትኛው ዐይኔ ልያቸው?» እያለ ሲነተርከን ዋለ። ሲያልቅ ግን ልጁን እንደ ዳረ አባት መርቆን ሄደ።

ይህን ሁሉ የማወራልህ ድፍረት እስካጠራቅም ነው። የአባባን ሞተር አስነሣነው።

አዎን፣ ያንኑ ቢኤስኤ። እንግሊዞቹ ከጅጅጋ ሲወጡ ለየመኑ ነጋዴ ትተውት፣ አባባ ከእርሱ ገዝቶ የጦር ሰፈሩን ፖስታ ያመላለሰበትን። «ይህ የየኋላሸት ነው፤ ቁመቱ ሲደርስ ይረከበኛል» ይል የነበረው አባታችን፣ አንተ ከሆስፒታል በክራንች የተመለስህ ዕለት ፈትቶ፣ የተፈታውን በጆንያ ከትቶ፣ የቀረውን ሸራ አልብሶ ከግድግዳው ጋር አሰረው። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም። አሰፋም ዐይኑ እየቋመጠ ለአባባ ክብር ሲል አልነካውም። ሸራውን የገለጥሁት እኔ ነኝ፤ የሀይማኖት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት። ከጭስ ማውጫው ውስጥ ተርብ ቤቱን ሠርቶበት ነበር።

ያሰብሁትን አልዋሽህም። እንዳይወድቅ ከጎኑ ሦስተኛ ጎማ ያለው መቀመጫ ገጥመን፣ አንተ እንድትነዳው ነው። ፒስቶኑ ተጣብቆ ነበር፤ በዘይት ነክረን በትዕግሥት አላቀቅነው። የጎማዎቹን ኩሽኔታ ዐብዲኑር ከሌላ አሮጌ ዕቃ አመሳስሎ አገኘ፤ የጎደለውን በቶርኖ ቤት አስቀረጽን። የነዳጁን ሰልባትዮ ራሴ ፈትጌ ያንን የጥንቱን አረንጓዴ መለስሁለት። ችግር የመጣው ከእግር ፔዳሎቹ ነው። የትኛው በየት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ዐብዲኑር ደግሞ እጁ የተፈታው በሕንዱና በቻይናው ሞተር ነው፤ «የዓለም ሞተር ሁሉ ማርሹ በግራ፣ ፍሬኑ በቀኝ ነው» አለ። የማርሹ ዘንግ በቀኝ በኩል ወጥቶ ሲያገኘው እንኳ «የድሮ መካኒክ ያበላሸው ነው» ብሎ ወደ ግራ የሚያሻግር ብረት አሠራለት። እኔም አመንሁት። ታዲያ በግራ ማርሽ የሚያስገባው ማን ነው? ግራ እግርህ የለ! ስለዚህ ማርሹን በእጅ የሚያስገባ ዘንግ አበጀንና ዐብዲኑር ለሙከራ አወጣው።

ጎረቤቴን ደሃቦን ታውቃታለህ፤ የባጃጅ መቀመጫ ልብስ የምትሰፋው፣ በ2010 በዚያ ክፉ ሰሞን ከጓዳዋ የሸሸገችኝ። ዐብዲኑር ከበራችን ተነሥቶ ከእርሷ አጥር ዘንድ ሲደርስ፣ አንድ እጁ ማርሽ ላይ፣ አንድ እጁ ፍሪሲዮን ላይ፣ መሪውን የሚይዝለት ሦስተኛ እጅ አጣና ከነሞተሩ እሾህ አጥሯ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ደሃቦ መቀሷን እንደ ያዘች ወጥታ፣ «አንተ ዐብዲኑር! በእናንተ ቤት እንግዳ በበር አይገባም?» አለችው። እርሱም ከእሾሁ ውስጥ ሆኖ «በሩ ጠቦኝ ነው፣ አባዮ» አላት፤ እኅቴ ማለቱ ነው። እኔ ከሳቄ ብዛት መቆም አቃተኝ። ከአሰፋ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ እሾሁን ከሱሪው እየነቀልሁለት ሳለ ዐይኔ ከጫማው ላይ ዐረፈ። የግራው ጫማ አፍንጫ ከላይ ተልጧል። የሞተር ነጂ ጫማ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማርሹን ከሥር ወደ ላይ ሲያነሣ ይፈቀፍቀዋል። የአባባ ጫማስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጃፍ ቁጭ ብለን ስንቀባ ትዝ ይልሃል? አንተ ግራውን ይዘህ ቶሎ ጨርሰህ ትሮጣለህ፤ እኔ የቀኙ አፍንጫ ቀለም አልጠጣ እያለኝ እነጫነጫለሁ። የተላጠው ቀኙ ነበር፣ ወንድሜ። ሁልጊዜም ቀኙ ነበር። ለዐብዲኑር «የአባባ ሞተር ማርሹ በቀኝ ነው» አልሁት። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ኋላ ያሠራውን ብረት ነቅሎ ፔዳሉን ከቀኙ ዘንግ ላይ ሲሞክረው ጥርሱ ከጥርሱ ገብቶ ቁጭ አለ። «ወላሂ፣ ያበላሸው መካኒክ እኔ ነኝ» አለ።

ምን ማለት እንደ ሆነ ገባህ? ያ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣም በቀኝ እግር ማርሽ የሚገባ ነው። በግራ ያለው የኋላው ፍሬን ብቻ ነው፤ እርሱን በሽቦ ወደ እጅ ማምጣት ደግሞ ለአባባም ለአሰፋም ቀላል ሥራ ነበር። አባባ ሞኝ አልነበረም፤ ሐዘን ዐይኑን ጋርዶት ነው እንጂ። ሁላችንም የጠፋውን እግርህን ስናስብ የቀረልህን ሳናይ ኖርን። ዐብዲኑር ሲወጣ ከሞተሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ እስኪመሽም አልተነሣሁም።

ስለዚያ ቀን እንዳላወራህ ከልክለኸኛል፤ «ፈንጂውን የቀበርሽው አንቺ አይደለሽም፣ እታለም» ብለህ። ላስጨንቅህ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን አህያዋን ከካራማራ ግርጌ ፈልገሽ አምጪ የተባልሁት እኔ ነበርሁ፤ አባባ ያን ሞተር ይጠግን ስለ ነበር መፍቻ ማቀበሉን አልተው ብዬ አንተን ሰደድሁህ። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ እኔም መፍቻ በያዝሁ ቁጥር አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የምልክልህ ነገር ሁሉ ከዚያ ቀን የመጣ እየመሰለህ እንደሚከብድህም ዐውቃለሁ። ያን ጊዜ ቆዳ ጫማ ስልክልህ የቀኙን ብቻ ልኬ የግራውን ያስቀረሁትስ? በሐሳቤ ላለማሳዘን ነበር። አንተ «እታለም፣ ሰው ሠራሽ እግርም እኮ ባዶውን ከተማ አይወጣም፤ ሰው ያማዋል» ብለህ ጻፍህልኝ። ከሃፍረቴ የተነሣ ግራውን ለመላክ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ! እንዲህ ነኝ፤ ሳልጠይቅህ በግምት አስብልሃለሁ።

በዚህ ሞተርም ያንኑ ላደርግ ነበር። በጭነት መኪና ጭኜ ከደጅህ አውርጄ ላስደነግጥህ አስቤ ነበር። ደሃቦ የጎኑን መቀመጫ በቀይ ልብስ ሰፍታ፣ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ዘርፍ ሰቀለችበት። ይህ እንግሊዝ ነው፣ ባጃጅ አይደለም ብላትም «ዘርፍ የሌለው ራቁቱን ነው፤ ሶሲና ራቁት ላይ ትቀመጥ?» ብላ ዘጋችኝ። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ያንኑ የአባባን ነው፤ ቀስ ብሎ የሚረግጥ፣ የማይቸኩል። ከመስጊዱ በኩል ሽማግሌዎች ሰምተው «የፖስታው ሰውዬ ተመለሰ እንዴ?» እያሉ መጡ።

ወሬው ከከተማም አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሀናድ የሚባል ነጋዴ ከሐርጌሳ መጣ። ሆቴል እያሠራ ነው፤ ሞተሩን ገዝቶ ከእንግዳ መቀበያው በመስታወት ቤት ሊያቆመው ይፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ «እናቴ፣ አቧራ አያርፍበትም፤ የአባትሽንም ስም አጽፍለታለሁ» አለኝ። ያቀረበልኝ ዋጋ ጣራችንን ያሳድሳል። ደሃቦ ከአጥሩ ማዶ «በመስታወት የሚቀመጠው ዓሣ ነው!» ብላ ጮኸችበት። እኔ ግን ወዲያው እምቢ አላልሁትም። የራሴ ስላልሆነ መልስ መስጠት አልቻልሁም። አባባ የሰጠው ለአንተ ነው። ለሀናድ ባለቤቱ ወንድሜ ነው፤ እርሱን ልጠይቅ አልሁት። ጾም ሳይገባ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ዘንድሮ የእነርሱም የእኛም ጾም አንድ ላይ ነው የሚገባው።

እርሱ ሲወጣ ዐብዲኑር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ኤዶ፣ አሁን ለነጋዴው ወንድሜን ልጠይቅ አልሽው። ሞተሩን ስንሠራስ ጠይቀሽዋል?» አለኝ። ከመሬት አንድ መፍቻ አነሣሁ። «ሰውዬው ሞተር መንዳት ይፈልግ እንደ ሆነስ ታውቂያለሽ?» አለ። አላውቅም። የማውቀው ልጁን ነው፤ ሰውየውን ጠይቄው አላውቅም። ዐብዲኑር መልካም ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ አልተናገረኝም።

ስለዚህ ሥራውን ካለበት አቆምሁት። የቀረው የኋላው ፍሬን የእጅ መያዣ ነው። ከፍሪሲዮኑ ሥር ይታሰራል፤ ርቀቱ ግን በነጂው እጅ ልክ ነው፤ ከራቀ ጣት አይደርስበትም፣ ከቀረበ ያደናቅፋል። በዐብዲኑር እጅ ልክ እንሰረው ብለን አንሥተን መልሰን አስቀመጥነው። የአንተን እጅ ስፋት አላውቀውም። በሐሳቤ ያለው ጫማ የሚቀባው የልጅ እጅህ ነው። ለእማማ ቀብር ስትመጣም እያለቀስሁ ነበርና ልብ ብዬ አላየሁትም።

እንግዲህ የኋላሸቴ፣ ሞተሩ የአንተ ነው። ይሸጥ ካልህ ለሀናድ እሰጠዋለሁ፤ ዋጋውም ወዳንተ ይመጣል፤ በፊቱም አላለቅስም። ሸራውን መልሰሽ አልብሺው ካልህም አለብሰዋለሁ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ ግን፣ ቁስልህ ደርቆ ሐኪሙ ሲፈቅድልህ መጥተህ እንድትቀመጥበት እፈልጋለሁ። ፍሬኑን በእጅህ ልክ እናስረዋለን። ከበራችን እስከ ዋናው መንገድ ብትነዳውና «አልወደድሁትም» ብለህ ብትወርድ እንኳ ይበቃኛል። ያን ቀን ሳልጠይቅህ ነው የሰደድሁህ። ዛሬ እየጠየቅሁህ ነው፤ እምቢ ማለት ትችላለህ። እምቢም ቢሆን ግን ሀይማኖት አትጻፍልኝ፤ በራስህ እጅ ጻፈው።

ሶሲናን ወገቧን በሞቀ ጨው እንድትተኩስ፣ ከባድ ነገርም እንዳታነሣ ንገርልኝ፤ በሁለት ጉንጯ ስሜያታለሁ። ሀይማኖትን፣ የእግርህን ነገር ሳትደብቅ ስለ ጻፈችልኝ፣ አክስትሽ ትመርቅሻለች በላት፤ እንዳትቆጣትም። የሶሲናን እናት ጉልበት ስሜያለሁ። ደሃቦ ዘርፉን አልወደድሁትም ብሎ ይመልስልኝና ያየኛል ትላለች፤ ሰላምታዋ ይህ ነው። ዐብዲኑርም እጅ ይነሣል። አንተን ግንባርህን ስሜሃለሁ፤ ያቆየኝ፣ ያቆይህ።

እኅትህ ለተማርያም

ጅጅጋ፣ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.