የበሩ ምስማሮች

ለእናታችን ፊት መጥፋት ተጠያቂ ለሆንከው፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ያስወጣሃል? ባለቤትህን ያ የወገብ ሕመም ለቀቅ አደረጋት ወይ? ልጅህስ፣ ያቺ ሳቋ ከናንተ ቤት ተነስቶ እኔ ጋ የሚደርሰው፣ ደህና ናት? እኔ አለሁ። ዓይኔ ቀን ቀን ያያል፣ የቀሩት ጥርሶቼ የቻሉትን ያኝካሉ፣ ተመስገን ነው። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ፤ ጸሐፊ አልለመንኩም። ፊደሎቹ ተንጋደው ብታገኛቸው እንደኔው አርጅተው ነው ብለህ እለፋቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስድሳ አራት ሞልቶኝ የጀመርኩት ነገር ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያለ ሰው እርዳታ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው። ልጅህ ከባሏ ጋር አዲስ ቤት ልትገባ ስለሆነ አባባ በእጁ የሠራውን የመጀመሪያ ካሜራ ለሳሎኗ ጌጥ ላኪላት ብለሃል። ከታች ደግሞ ስትጠቀልዪው እንዳትጥዪው፣ አንቺ እጀ ንፋስ ብለህ ቀልደሃል። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ግን ቃሏን በጣቴ ተከትዬ ደግሜ አነበብኳት። ዘመኔን ሁሉ በሰው አፍ ስጠራበት የኖርኩትን ስም በጽሑፍ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ካሜራውን ከላይኛው መደርደሪያ አወረድኩት። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባ ራሱ አልነካውም፣ ለሌላም አላስነካም። አቧራውን ስጠርግለት ቀዩ እንጨት ትናንት የተላገ ይመስል ሸተተኝ። ወናፉ እንደ አኮርዲዮን ተዘረጋና ተነፈሰ። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ገባሁ። ታውቀው የለ፣ እዚያ ውስጥ ዓለም ተገልብጣ ነው የምትታየው፤ ወንበሩ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ፣ በሩም በጉበኑ ቆሞ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እናታችን ከዚያው በር ፊት ተገልብጣ የተቀመጠች፣ ፀጉሯ ወደ ሰማይ የሚፈስ መሰለኝ። ትስቅ ነበር። ወይስ ዝም ብላ ነበር? እኔ ረስቼዋለሁ፤ አንተ ታስታውሳለህ?

ከጨርቁ ስወጣ የካሜራውን ጀርባ ፈትቼ ምስሉ የሚታይበትን መስታወት ከውስጥ በኩል በጥፍሬ ነካሁት፤ በሠራሁት ካሜራ ሁሉ ላይ የማደርገው ልማድ ነው። ጥፍሬ ተንሸራተተ። ልሳሳት እችላለሁ ብዬ ደግሜ ነካሁት። አሁንም ተንሸራተተ። ሻካራው ፊት በውጭ በኩል ነበር።

ለአንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ግን ልጅህም ታንብበው። ምስሉ የሚያርፈው በመስታወቱ ሻካራ ፊት ላይ ነው። ሻካራው ወደ ሌንሱ መዞር አለበት፣ ጥልቀቱም በፊልም መያዣው ውስጥ ፊልሙ ከሚተኛበት ጋር እኩል መሆን አለበት። አባባ፣ ካሜራው ቤት ነው፣ መያዣው እንግዳ ነው፣ እንግዳ አይላግም፣ የሚላገው ቤቱ ነው ይል አልነበር? ለዚህ ነው ገዢው መያዣውን ከየትም ገዝቶ ቢያመጣ ካሜራችን ውስጥ ልክክ የሚለው። መስታወቱ ከተገለበጠ ግን ዓይን ሌላ ያያል፣ ፊልሙ ሌላ ያያል።

እናታችን ያንን አንድ ፎቶዋን በተነሳች ቀን እኔ አሥራ አራት ነበርኩ፣ አንተ አሥራ አንድ። እናታችን ወንበሯን ከበሩ አንድ ስንዝር አርቃ ተቀመጠች። አባባ ቸኩሎ ነበር። ዓይኗን በመስታወቱ ላይ አጥርቶ አየና መያዣውን አስገቢ አለኝ። አስገባሁ፣ መክደኛውን ሳብኩ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቷ ጉም ነበር። አባባ ማነው ያነቃነቀው ብሎ ሲጮህ አንተ ከኋላው ሆነህ፣ እሷ ናት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻታለሁ አልክ። እጀ ንፋስ የተባልኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሌላ ፊልም ሳይመጣልን በአራተኛው ወር እናታችን ሞተች። እኔም እንጨት ሳሽ፣ ኮላ ሳፈላ፣ ወናፍ ሳጥፍ ኖርኩ። ለሚንቀጠቀጥ እጅ እርሳስ ምን ያደርግለታል ተብሎ ትምህርት ቤት አንተ ብቻ ሄድክ።

ያን ዕለት ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጠህ መስታወቱን በሸሚዝህ ስትጠርገው አይቼሃለሁ። ወደ ሰማይ አንስተህ ዛፉን ሁሉ ደመና ስታደርግበት ነበር። ያቺን ትዝታ ሃምሳ ሁለት ዓመት እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ይዣት ኖሬያለሁ። መልሰህ የገጠምከውም አንተ ነህ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ሄድኩ። ሁላችንም ፊቷን ስንፈልግ ኖርን እንጂ በሩን ያየው የለም። ወንድሜ፣ የበሩ ምስማሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አሥራ ሰባት ናቸው። የዛገው እንኳ ከነዝገቱ አለ። እጄ ካሜራውን አንቀጥቅጦት ቢሆን በሩስ እንዴት ሳይንቀጠቀጥ ቀረ? በተገለበጠው መስታወት የተነሳ የፊልሙ ዓይን ፊቷን አልፎ በሩ ላይ ነው ያረፈው።

አላመንኩም፤ ሞከርኩት። ዘንድሮ የተገዛ መያዣ ወሰድኩ፤ አባባ በላገው ቤት ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ፊደል ያስቆጠረችኝን አስተማሪ ከዚያው በር ፊት አንድ ስንዝር ላይ አስቀመጥኳት። እማማ፣ አሁንስ ፈተና እየፈተኑኝ ነው አለችኝ፤ ዝም በይ፣ ተማሪ አይናገርም አልኳት። መጀመሪያ መስታወቱን እንዳለ ትቼ፣ ቀጥሎ ገልብጬ አነሳኋት። ሁለቱንም በዚህችው በኔ እጅ። ፎቶዎቹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። በአንደኛው ፊቷ ጉም ነው፣ ምስማሮቹ ይቆጠራሉ። በሁለተኛው ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል።

ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ልጅ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አባባን የማይፈራ ማን ነበር? ግን ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ከአባባ ጋር ካሜራ ሠርተሃል። መስታወት በገጠምክ ቁጥር ሻካራውን ወደ ውስጥ አዞርክ፣ አንዱንም አልሳትክም። እኔ ከጎንህ ኮላ አፈላ ነበር። እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ሳትል ሄድክ።

ካሜራውን እልክላታለሁ። መስታወቱን ግን መልሼ ያኔ እንዳስቀመጥከው አድርጌዋለሁ። ልጅህ ባለችበት አንተው ፈትተህ አዙረው፤ ለምን እንደምታዞረውም ንገራት።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ወገቧን በሙቅ ጨርቅ ትጠቅልለው። ለልጅህ፣ አክስትሽ አዲሱን ቤትሽን የሳቅ ያድርግልሽ ብላለች በላት። ለአማችህም፣ ካየሁት ቀን ጀምሮ የወደድኩት እሱን ነው በልልኝ፤ ዝም ማለት ስለማይችል። አንተንም ጉንጭህን ስሜሃለሁ፤ ሌላ ወንድም ከየት አመጣለሁ?

ቤቴ የገባ እንግዳ ሁሉ ያቺን ፎቶ አይቶ ማን ናት፣ ፊቷ ምን ሆነ ይለኛል። እስከ ዛሬ መልሴ አንድ ነበር። ከእንግዲህ ግን እጄ ተንቀጥቅጦ ነው አልልም።

ከአባባ ሥራ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12