የአስካለ ሶሪ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4፡00

እስካሁን ዘጠኝ። ሱቅ ከከፈትኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፣ ዘጠኝ ሶሪ ሰማሁ። ደብተሬ፣ ጀርባህ ላይ በየዓይነታቸው እየለየሁ እየጻፍኳቸው ነው።

አንደኛው የተሸካሚው። ጭነቱን አናቱ ላይ ቆልሎ ትከሻዬን ገጨኝና ሶሪ ብሎ አለፈ። ዞር ብሎም አላየኝ። ድሮ "ዘወር!" ይሉ ነበር፣ እኛም ዘወር እንል ነበር። አሁን ከሩቅ ጀምሮ ሶሪ፣ ሶሪ፣ ሶሪ እያለ ይመጣል። ገና ሳይገጭህ ይቅርታውን ጨርሶታል።

ሁለተኛው የስልክ። ጋሼ ደምሴ፣ ከፊት ለፊቴ ጋቢ የሚሸጡት፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው "ሶሪ? ሶሪ?" ይላሉ። አልሰማሁም ለማለት ነው። እሳቸው እንኳ! በዚህ ዕድሜያቸው!

ሦስተኛው። አንዲት ልጅ አስራ አንድ ነጠላ አስዘረጋችኝ። ጥለቱን በጥፍሯ ፋቀች፣ ፎቶ አነሳች፣ ለእናቷ ላከች። ከዚያ ሶሪ የኔ እናት፣ ሌላ ጊዜ። አልገዛም ማለቷ ነው። አጣጥፌ ስመልስ ወገቤ ተቆረጠ።

ይህን ቃል ለምን ያዝሽው ትለኝ ይሆናል። እሱ ነው የያዘኝ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ምሳ ሰዓት

ብቻዬን በላሁ። ሽሮ። መስኮቷ ዝግ ናት።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። አ. (ስሟን ሙሉውን አልጽፍም፣ አይገባትም) የጎኔ ሱቅ ባለቤት ናት። አስራ ስምንት ዓመት ሆነን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው። እጅ የምታሾልክ መስኮት አስቆርጠንበታል። መቀስ፣ ሳህን፣ ጉርሻ፣ ሐሜት፣ ሁሉም በእሷ ነበር የሚያልፈው።

ስልክም ተለዋውጠናል። ቁጥሯን ለዘመዶቼ ሰጠሁ፣ ቁጥሬን ለዘመዶቿ ሰጠች። ለመርዶ። የእኔ ሰዎች ጎጃም ናቸው፣ የእሷ ደብረ ብርሃን። መቼም ሞት በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። ለቅርብ ሰው ይደወላል፣ እሱ ሰው ሰብስቦ ማልዶ ይነግራል። የእኔን እሷ ትሰማለች፣ የእሷን እኔ። እንዲህ ተባብለን ነበር፣ ያኔ እየሳቅን።

ጳጉሜን 2 እናቴ አረፈች። ለአ. ተደወለላት። ቀብሩ በማግስቱ ነበር። አ. ዝም አለች። የበዓል ገበያ ነው፣ በዓሉ ይለፍላት ብላ። ቀብሩ አለፈ። እንቁጣጣሽ አለፈ። በዚያች መስኮት ዶሮ ወጥ አጉርሳኛለች! እናቴ አፈር ውስጥ፣ እኔ በአዲስ ቀሚስ ስስቅ፣ እሷም አብራኝ ስትስቅ። መስከረም 3 ንጋት ላይ ሰው አስከትላ በሬን አንኳኳች።

ስድስት ቀን። የእናቴን ሬሳ ሳልሰናበት ቀረሁ። የሄድኩት አፈሩ ደርቆ ነው።

ሐዘን ተቀምጬ ወደ ሱቅ ስመለስ በመስኮቷ ብቅ ብላ ምን አለችኝ? ሶሪ የሺዬ። በቃ። እግሬን የረገጠችኝ ይመስል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ግፊያ። አቧራ። ሦስት ሠርገኛ አንድ ላይ።

ለአንዷ ገዢ ሶሪ እህቴ፣ አልቋል አልኳት። ጋቢው ከኋላዬ ተደርድሯል። አነጋገሯ ስላላማረኝ ነው። እንግዲህ አራተኛው የእኔ ሆነ፣ የውሸቱ። ጻፍኩት። ለራሴ ላድላ እንዴ?

ጋ. ደምሴ ለሽምግልና መጡ። ከዱካ ወንበሬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አስራ ስምንት ዓመት በአንድ ቀን አይጣልም አሉ። እሷም ሶሪ ብላለች አሉ። ሶሪ አይበቃኝም አልኳቸው፤ ያደረገችውን በስሙ ጠርታ ትንገረኝ። አይ የሺ፣ ሁልጊዜ ታለቅሳለች እኮ አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምታለቅሰው? አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። ቆይቶ አፈርኩ፣ ግን ትንሽ ነው ያፈርኩት።

አናጢ ጠርቻለሁ። አርብ ይመጣል። መስኮቷን ያሽግልኛል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ተጣላን። ሸማ ተራ ሙሉ ሰማ።

የአናጢውን ወሬ ነግረዋት በሬ ላይ መጥታ ቆመች። የደም ግፊትሽን ፈርቼ ነው አለች። አምና የአክስትሽን መርዶ ስትሰሚ ወድቀሽ እኔ ነኝ ያነሳሁሽ አለች። እውነት ነው፣ እሷ ነች ያነሳችኝ። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። አንቺም ብትሆኚ ለእኔ እንደዚሁ ታደርጊ ነበር አለችኝ።

እኔ? በጭራሽ! "በደወሉልኝ ደቂቃ ነበር የምነግርሽ!" ብዬ ጮህኩ። "እንኳን ስድስት ቀን ስድስት ደቂቃ አላስቀምጥሽም!"

እንግዲህ ሶሪ፣ ምን ልሁንልሽ አለችና ሄደች። አምስተኛው ይሄ ነው። ሲሉት ጥፋቱ ወደ ሰሚው የሚዞር።

ሌሊቱን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ አደርኩ። ጥሩ ጥሩ መልስ ነበር፣ ጠዋት ሁሉም ጠፋኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ። 4፡10

ስልክ። የማላውቀው ቁጥር። የአ. የአጎት ልጅ ነኝ አለ፣ ከደብረ ብርሃን። ታላቅ ወንድሟ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ። ሳይታመም፣ ሳይታሰብ። ቀብሩ ነገ 6 ሰዓት ነው። ለእትዬ የሺ ደውል ተብዬ ነው፣ ቁጥርዎን እኅቴ ራሷ ናት የሰጠችን አለ።

ቁጥሬን አላስጠፋችውም። ከተኳረፍን በኋላ እንኳ።

ሞቷል አይበሏት አለኝ ልጁ። በጠና ታሟል ብለው ይዘዋት ይምጡ፣ ከደረሰች በኋላ ሰው ባለበት እንነግራታለን። እርስዎ ያውቁበታል አለኝ። አውቅበታለሁ?

5፡20

ሄድኩ። የእሷ በር ላይ ቆምኩ። አራት የሙሽራ ዘመዶች ከበዋታል፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ እየሳቀች ታስመርጣለች። ስታየኝ ሳቋ ቆመ።

መቀስ አለሽ? አልኳት።

ሰጠችኝ። ይዤው ተመለስኩ። ሱቄ ውስጥ ሁለት መቀስ አለኝ።

ገዢዎቹ ይሂዱ። በሰው ፊት እንዴት ይሆናል?

6፡40

ገዢዎቹ ሄዱ። ምሳዋን ስትከፍት በጣውላው በኩል ይሰማኛል፣ የሳህኑ ድምፅ። ትብላ። ባዶ ሆዷን አይሁን።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ገባሽ ወይ እንዳትለኝ፣ ደብተሬ! አልገባኝም! እሷ ስድስት ቀን፣ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ አይደለም። እኔ ሬሳ ሳላይ ነው የቀረሁት፣ እሷ ገና ትደርሳለች። ግን እንዴት እንደሚጀመር አየሁት። ከምሳ ነው የሚጀምረው። ትብላ ትላለህ። ከዚያ ትንሽ ትረፍ። ከዚያ መሸ፣ ማታ አይነገርም። ከዚያ ነገ ገበያ ነው።

ስድስት ደቂቃ አላስቀምጥሽም ብዬ የጮህኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው።

8፡15

ጽሑፌ አያምርም።

በበሩ ብሄድ እንደገና መቀስ እለምናለሁ ብዬ መስኮቷን ከፈትኩ። ተጣብቃ ኖሮ በቡጢ መታኋት። አ. ደንግጣ ዞረች። መቀሱን አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም። ፊቴን አየችና "ማን ነው?" አለችኝ።

ታሟል የሚለው ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሶሪ ነው። ሶሪ! እኔ! አንድ ወር ሙሉ የተፋሁበት ቃል። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። "ወንድምሽ ነው። ታላቅየው። ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ ትደርሺያለሽ።"

ጩኸቷ እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሳይሰማ አይቀርም። በመስኮቷ እጄን ይዛ አልለቅም አለች፣ የጣውላው ጠርዝ ክንዴን ላጠው። ጋ. ደምሴ ሮጠው መጡና አስለቀቁን። ዞሬ ገባሁ። ከራሴ መደርደሪያ ነጠላ አውጥቼ አዘቅዝቄ አለበስኳት። ደረቷን ስትመታ ያዝኳት። ሱቁ ሁሉ በየተራ እየዘጋ ነው፣ የቆርቆሮው በር ሲወርድ ይሰማል።

መሃል ላይ ለቅሶዋን አቆመችና አየችኝ። "ከእናትሽ ቀብር አስቀረሁሽ" አለች። "እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ የሺዬ፣ እያወቅኩ አጉርሼሻለሁ።" ማንም አልጠየቃትም። ነጠላዋን አስተካከልኩላት።

8፡50

ጋ. ደምሴ መኪና አምጥተዋል። ሁለት ቦታ አስያዝኩ፣ አንዱ ለእኔ።

አልታረቅኳትም። ይህን ጻፍልኝ። የምለው ገና ብዙ አለኝ፣ ሐዘኗን ስትጨርስ እለዋለሁ። እስከ ደብረ ብርሃን ኩርፊያዬን ይዤ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወንድሟን ትሰናበታለች፣ እኔ ክንዷን እይዛለሁ። እናቴንም እዚያው አለቅሳታለሁ፣ የሚከለክለኝ የለም።

አናጢው አርብ ይመጣል። ለምን እንደጠራሁት ጋ. ደምሴን ቢጠይቃቸው፣ ለማሸግ አይደለም ይበሉት። መስኮቷ ትጠባለች፣ ክንድ ትልጣለች፣ ትንሽ ያስፋት።

አስካለ እየጠራችኝ ነው